የኤፒ ሳይኮሎጂ የጽሑፍ ፈተና፦ ነጥብ የሚያስገኝ መልስ እንዴት ይጻፋል?

ኤፒ ሳይኮሎጂን፣ ማለትም አሜሪካ ሃይስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን የሳይኮሎጂ ትምህርት፣ አብጠርጥሮ ያጠና ተማሪ በጽሑፍ ክፍሉ ነጥብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ባለማወቅ አይደለም። የጻፈው ነገር ትክክል ነው፤ ግን ፊቱ ስለቀረበው ጥናት ሳይሆን በደፈናው ስለ ሳይኮሎጂ ነው። አራሚው የሚፈልገው ትርጓሜን በቃሉ የያዘ ተማሪ አይደለም። የተማረውን ሐሳብ ወስዶ እዚያ ገጽ ላይ ካሉት ሰዎች፣ ከተደረገውና ከተገኘው ቁጥር ጋር የሚያስተሳስር ተማሪን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ማስተሳሰር በጽሑፍ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

የምጽፈው በተለይ አገር ቤት ተምረው አሜሪካ ሃይስኩል ለገቡ ልጆች፣ እንዲሁም ማታ ማታ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ማገዝ ለሚፈልጉ ወላጆች ነው። እኛ የጽሑፍ መልስ ሲባል የተማርነው በመግቢያ መክፈት፣ ትርጉም መስጠት፣ መዘርዘርና በመደምደሚያ መዝጋት ነው። ያ ልማድ ለሌላ ቦታ ይጠቅማል፤ እዚህ ፈተና ላይ ግን ደቂቃ ይበላል እንጂ ነጥብ አያመጣም። መልሱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ምሳሌዎቹን በአማርኛ የማቀርበው አስተሳሰቡ ቀድሞ እንዲጠራላችሁ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛውን ፈተና እንደምትፈተኑ እወቁ

የኤፒ ፈተናዎችን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ይህን ፈተና እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ ቀይሮታል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ ቪዲዮዎችና ማስታወሻዎች ግን አሁንም የድሮውን ያስተምራሉ። በድሮው አንዱ ጥያቄ አጭር ታሪክ ሰጥቶ የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን በታሪኩ ላይ እንድታዛምዱ ይጠይቅ ነበር፤ ለሁለቱም ጥያቄዎች የሚሰጠው ጊዜ 50 ደቂቃ ነበር። አንድ መመሪያ «ቃሉን ተርጉም፣ ከዚያ በታሪኩ ላይ አዛምድ» ብቻ የሚላችሁ ከሆነ የድሮውን ፈተና እያስተማራችሁ ነው።

የአሁኑ በብሉቡክ መተግበሪያ በኮምፒውተር ይሰጣል። በመጀመሪያው ክፍል 75 የምርጫ ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ ይሠራሉ፤ የውጤቱን ሁለት ሦስተኛ ይይዛሉ። ቀሪው አንድ ሦስተኛ ለሁለት የጽሑፍ ጥያቄዎች የተተወ ሲሆን ለሁለቱ በድምሩ 70 ደቂቃ ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 7 ነጥብ አላቸው።

አንደኛው አርቲክል አናሊሲስ ይባላል። የአንድ ጥናት ማጠቃለያ ቀርቦ በስድስት ክፍል፣ ከኤ እስከ ኤፍ፣ ትመልሳላችሁ። የተመደበለት 25 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 10ሩ ለማንበብ ነው። ሁለተኛው ኤቪደንስ ቤዝድ ይባላል። ሦስት የጥናት ማጠቃለያዎች ይሰጧችሁና የራሳችሁን አቋም ይዛችሁ በማስረጃ ትደግፋላችሁ። ለእሱ 45 ደቂቃ ተመድቧል፤ 15ቱ የንባብ ነው።

አርቲክል አናሊሲስ፣ ክፍል በክፍል

መለማመጃ እንዲሆነን አንድ እውነተኛ ጥናት እንውሰድ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 120 ተማሪዎች፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24፣ ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን አነበቡ፤ አንዱ ስለ ፀሐይ፣ ሌላው ስለ ባሕር አቆስጣ (ሲ ኦተር) ነበር። አንዱን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ደግመው አጠኑት። ሌላውን ካነበቡ በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ የመጨረሻ ፈተና ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ ከ5 ደቂቃ፣ ለሌሎቹ ከ2 ቀን፣ ለቀሩት ከ1 ሳምንት በኋላ። እያንዳንዱ ጽሑፍ በ30 የሐሳብ አሃዶች ተከፋፍሎ ስለነበር ውጤቱ የተለካው ተማሪው ከነዚህ ምን ያህሉን እንዳስታወሰ በመቁጠር ነው።

ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያጠኑት ጽሑፍ በአማካይ 81 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑበት 75 በመቶ ታወሰ። ከ1 ሳምንት በኋላ ተገለበጠ፤ ደግመው ያጠኑት ወደ 42 በመቶ ወርዶ፣ የተፈተኑበት 56 በመቶ ላይ ተገኘ።

ንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት ጥያቄዎቹን አንብቡ። ስታነቡ አምስት ነገሮችን ብቻ አስምሩ፦ ተሳታፊዎቹ እነማን ናቸው፣ ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ፣ ምን ለኩና በምን ለኩት፣ ምን ቁጥር ተገኘ፣ ተሳታፊዎቹን ለመጠበቅ ምን ተደረገ። መልሱ ሁሉ ከነዚህ ይወጣል።

ክፍል ኤ የጥናቱን ዓይነት ይጠይቃል። ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተመራማሪው ራሱ የለወጠው ነገር አለ? እዚህ የትኛው ጽሑፍ እንደሚደገምና የትኛው እንደሚፈተን የወሰኑት ተመራማሪዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ኤክስፐሪመንት ነው። ምንም ሳይለወጥ ሁለት ነገሮች ተለክተው ዝምድናቸው ከታየ ኮሪሌሽናል ነው። የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ አንድ ላይ ከተተነተነ ሜታ አናሊሲስ ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉትና እለፉ። «ኤክስፐሪመንት ወይም ኮሪሌሽናል» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ብልጠት አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚቃረን መልስ ነጥቡን ያሳጣል።

ክፍል ቢ ኦፐሬሽናል ዴፊኒሽን፣ ማለትም ጥናቱ አንድን ነገር በተግባር በምን እንደለካው፣ ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ጥያቄው «ትውስታ በዚህ ጥናት እንዴት ተለካ?» ሲል፣ «ትውስታ ማለት መረጃን መያዝና መልሶ ማምጣት ነው» ብሎ የመዝገበ ቃላት ፍቺ የሚሰጥ ነጥብ አያገኝም። የሚፈለገው ይህ ነው፦ «ትውስታ የተለካው ተማሪው በመጨረሻው ፈተና ከጽሑፉ 30 የሐሳብ አሃዶች በመቶኛ ስንቱን እንደጻፈ በመቁጠር ነው።» ሌላ ሰው መልሳችሁን አንብቦ ያንኑ ልኬት ራሱ መሥራት ከቻለ ትክክል ጽፋችኋል።

ክፍል ሲ ቁጥሩን በቃል እንድታስረዱ ይጠይቃል። አማካይ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን፣ የኮሪሌሽን ቁጥር ወይም የስታቲስቲክስ ሲግኒፊካንስ (ውጤቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ እንደማይመስል የሚያመለክተው) ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩን መድገም ትርጉም መስጠት አይደለም። «56 ከ42 ይበልጣል» ያለ ተማሪ ሒሳብ እንጂ ሳይኮሎጂ አልመለሰም። «ከ1 ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ራሳቸውን የፈተኑበትን ጽሑፍ ደግመው ካጠኑት ይልቅ በአማካይ በ14 የመቶኛ ነጥብ የበለጠ አስታወሱ» ያለው ግን ቁጥሩ ስለ ማን፣ ስለ ምንና መቼ እንደሆነ ተናግሯል። የስታንዳርድ ዲቪየሽን ጥያቄ ከመጣ የሚነግራችሁ የውጤቶቹን መራራቅ መሆኑን አትርሱ፤ ትልቅ ከሆነ ተማሪዎቹ ከአማካዩ ርቀው ተበታትነዋል፣ ትንሽ ከሆነ ተቀራርበዋል። ከዚያም ይህንኑ በጥናቱ ቋንቋ ጻፉት።

ክፍል ዲ ተመራማሪዎቹ የተከተሉትን የሥነ ምግባር መመሪያ ይጠይቃል፤ ቀላል ነው። በማጠቃለያው ውስጥ ተሳታፊዎቹ ፈቃዳቸውን መስጠታቸው፣ ስማቸው በምስጢር መያዙ፣ መጨረሻ ላይ የጥናቱ ዓላማ የተነገራቸው መሆኑ፣ ወይም ጥናቱ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ መታየቱ ይጠቀሳል። አንዱን ምረጡና ሙያዊ ስሙን ሰጥታችሁ ተመራማሪዎቹ ያደረጉትን ጨምሩ። ተሳታፊዎቹ ልጆች ከሆኑ ወላጅ የሚሰጠው ፈቃድና ልጁ ራሱ የሚሰጠው እሺታ የተለያዩ ናቸው። ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር አትፍጠሩ።

ክፍል ኢ ውጤቱ ለሌሎች ሰዎች ምን ያህል እንደሚሠራ ይጠይቃል። «ናሙናው ትንሽ ስለሆነ አይሠራም» የሚለው የተለመደ መልስ ደካማ ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ጥናት ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል። ተሳታፊዎቹን በዝርዝር ጥቀሱና ውጤቱ ይሠራላቸዋል ከሚባሉት ሰዎች ጋር አነጻጽሩ፦ «ተሳታፊዎቹ በሙሉ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆኑ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የትውስታ ችሎታና የንባብ ልምድ በዕድሜ ስለሚለያይ፣ ውጤቱን የመጀመሪያ ደረጃ ልጆችን ወይም አረጋውያንን እንደሚመለከት አድርጎ መውሰድ አይቻልም።» ተቃራኒውንም መጻፍ ይቻላል፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሠራል ብሎ፣ ዕድሜያቸውንና ሁኔታቸውን ማስረጃ አድርጎ። ነጥቡ ያለው በመረጣችሁት ወገን ሳይሆን ከጥናቱ ባመጣችሁት ዝርዝር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን ለዩ። ሰዎችን ከብዙ ሕዝብ በዕጣ መርጦ ወደ ጥናቱ ማስገባት ውጤቱ ለሌሎች እንዲሠራ ይረዳል። ጥናቱ ውስጥ የገቡትን ሰዎች በዕጣ ወደ ምድብ መደልደል ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ መንስኤና ውጤትን ለመናገር ያስችላል እንጂ ለሌሎች ስለመሥራቱ ምንም አይነግረንም። ክፍል ኢ ላይ ሁለተኛውን የጠቀሰ ተማሪ ነጥቡን ያጣል።

ክፍል ኤፍ ሁለት ነጥብ ስላለው እዚህ ቆይታ ይገባል። ጥያቄው አንድ መላምት ወይም ጽንሰ ሐሳብ ሰጥቶ፣ የጥናቱ ግኝት እንዴት እንደሚደግፈው ወይም እንደሚቃረነው አብራሩ ይላል። መላምቱ «መፈተን ትውስታን መለኪያ ብቻ ሳይሆን ማጠንከሪያም ነው» ይሁን። ደካማው መልስ፦ «ጥናቱ መላምቱን ይደግፋል፣ ምክንያቱም መፈተን እንደሚጠቅም አሳይቷል።» ይህ መላምቱን በሌላ ቃል ደገመ እንጂ ማስረጃ አላመጣም።

ጠንካራው መልስ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ግኝቱን በትክክል ያስቀምጣል፦ «ከ1 ሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ራሳቸውን ከፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካጠኑት ግን 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ።» ቀጥሎ ግኝቱ ለምን መላምቱን እንደሚደግፍ ያስረዳል፦ «በመፈተኛው ጊዜ ጽሑፉን እንደገና አላዩትም። መፈተን መለኪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ጊዜ የታየው ጽሑፍ የተሻለ መታወስ ነበረበት። ከአእምሮ ለማውጣት መሞከሩ ራሱ ትውስታውን ስላጠነከረው ዳግም ያልታየው ጽሑፍ በለጠ።» የሁለተኛው እርምጃ ዋና ሥራ «ለምን» የሚለውን መመለስ ነው።

የ5 ደቂቃውን ውጤት ግን ልብ በሉ። እዚያ ላይ 81 ከ75 ይበልጣል፤ መልሶ ማጥናት አሸንፏል። «ይደግፋል» ብሎ ይህን ቁጥር ያቀረበ ተማሪ የራሱን መልስ አፈረሰ። ብዙ ጥናት እንዲህ ሁለት ፊት አለው፤ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት የመረጣችሁት ቁጥር ከመረጣችሁት ወገን ጋር መስማማቱን አረጋግጡ።

ኤቪደንስ ቤዝድ፦ አቋም፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ

ነጥቦቹ እንዲህ ይከፋፈላሉ፦ ለአቋሙ 1፣ ለመጀመሪያው ማስረጃ 1፣ ማስረጃውን በሳይኮሎጂ ሐሳብ ለማብራራት 2፣ ከሌላ ምንጭ ለሚመጣ ሁለተኛ ማስረጃ 1፣ እሱን በሌላ ሐሳብ ለማብራራት 2። ስለዚህ ከሰባቱ አራቱ ያሉት በማብራሪያው ላይ ነው። ብዙ ተማሪ ግን ጊዜውን የሚያጠፋው ምንጮቹን በማጠቃለል ነው። ማጠቃለል ራሱን የቻለ ነጥብ የለውም።

ጥያቄው «ተማሪ ለረጅም ጊዜ እንዲያስታውስ እንዴት ቢያጠና ይሻላል?» ይሁን። ምንጮቹም ሦስት ይሁኑ። ሶርስ ኤ ከላይ ያየነው ነው። ሶርስ ቢ የባሪክ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ጥናት፦ አራት የቤተሰቡ አባላት የውጭ ቋንቋ ቃላትን በተለያየ የጊዜ ርቀት እየደገሙ አጠኑ፤ በየ56 ቀኑ 13 ጊዜ ያጠኑት፣ በየ14 ቀኑ 26 ጊዜ ካጠኑት ጋር ተመጣጣኝ ትውስታ ሰጠ። ሶርስ ሲ ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጡት፦ ሁለት የኮርኔል ተማሪዎች ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን አጥንተው ሲተኙ፣ ነቅተው ከሚቆዩበት ጊዜ የተሻለ አስታወሱ።

አቋሙ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ግን ወገን የያዘና ሊከራከሩበት የሚቻል መሆን አለበት። «የጥናት ዘዴ ትውስታን ይነካል» አቋም አይደለም፤ የሚቃወመው የለም። «ብዙ ዓይነት አጠናን አለ፣ ሁሉም ጥቅም አለው» ደግሞ ከመወሰን መሸሽ ነው። «ለረጅም ጊዜ ማስታወስ የሚፈልግ ተማሪ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ራሱን በመፈተንና የጥናት ጊዜውን በማራራቅ ማጥናት አለበት» የሚለው ግን ምን ከምን እንደሚሻልና ለምን ዓላማ እንደሆነ ይናገራል። አቋማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ምንጮች እንደሚደግፉት እዩ። መጀመሪያ አቋም ይዞ ኋላ ማስረጃ የሚፈልግ ተማሪ መሃል ላይ ይጣበቃል።

ማስረጃ ስትጠቅሱ የምንጩን ስም ጻፉ። «እንደ ሶርስ ኤ፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ራሳቸውን የፈተኑበት ጽሑፍ 56 በመቶ ሲታወስ ደግመው ያጠኑት 42 በመቶ ብቻ ታወሰ።» ይህ 1 ነጥብ ነው።

አሁን ማብራሪያው። ከክፍል ትምህርታችሁ አንድ ሐሳብ አምጡ፤ ምንጩ የተናገረውን መልሶ መናገር ሳይሆን የተማራችሁት ነገር መሆን አለበት። ለምሳሌ ትውስታ ኢንኮዲንግ (ማስገባት)፣ ስቶሬጅ (ማቆየት) እና ሪትሪቫል (ማውጣት) የሚባሉ ሂደቶች እንዳሉት ተምራችኋል። እንግዲህ፦ «ደጋግሞ ማንበብ የሚያለማምደው ኢንኮዲንግን፣ ማለትም መረጃን ወደ አእምሮ ማስገባትን ነው። የመጨረሻው ፈተና የሚጠይቀው ግን ሪትሪቫልን፣ መረጃን ማውጣትን ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸውን በፈተኑበት ጽሑፍ ላይ ኋላ የሚፈለግባቸውን ሂደት ቀድመው ስለተለማመዱ ከሳምንት በኋላም መረጃውን ማውጣት ቻሉ፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ማስታወስ የሚፈልግ ተማሪ ደጋግሞ ከማንበብ ራሱን ቢፈትን ይሻለዋል።» የመጨረሻውን ሐረግ አስተውሉ። ወደ አቋሙ ተመልሶ ገባ። ሐሳቡን አስረድቶ እዚያው የሚያቆም ተማሪ ድልድዩን አጋምሶ ነው የተወው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሌላ ምንጭ፣ ማብራሪያውም ከሌላ ሐሳብ መምጣት አለበት፤ ሪትሪቫልን ሁለት ጊዜ መጠቀም ያስቀጣል። ከሶርስ ቢ 13 ጊዜ የተራራቀ ጥናት 26 ጊዜ ከተቀራረበ ጥናት ጋር መመጣጠኑን ጥቀሱና፣ የትውስታ ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳየውን የመርሳት ኩርባ (ፎርጌቲንግ ከርቭ) አምጡ፦ «መርሳት ከተማሩ በኋላ ወዲያው ፈጣን ነው፣ ቀስ በቀስ ይዘገያል። ተማሪው ከፊሉን ከረሳ በኋላ ሲመለስ የሚያድሰው ሊጠፋ የደረሰውን ነው። ገና ትኩስ ሳለ ቢደግመው ግን የሚያድሰው ትንሽ ነው። ስለዚህ ያው ልፋት ተራርቆ ሲሆን ረጅም ዕድሜ ያለው ትውስታ ይሰጣል።»

ሶርስ ሲን አለመጠቀማችን ችግር የለውም፤ ሁለት ምንጭ ይበቃል። ስለ እንቅልፍ የሚናገረው ከአቋማችን ጋር ስለማይገጥም በግድ ማስገባቱ መልሱን ያላላዋል። ጥያቄው ላይ ያለ ነገር ሁሉ መጠቀስ አለበት የሚለውን ልማድ እዚህ ተዉት። ደግሞ አንዱ ምንጭ ኮሪሌሽናል ከሆነ «አስከተለ» ወይም «አደረገ» አትበሉ፤ «ይዛመዳል» በሉ።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ

ሰዋስውና የፊደል ግድፈት በራሳቸው ነጥብ አይቀንሱም፤ ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ ይታረምላችኋል። ስለዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት እንጂ ነጥብ ነጥቡን በጭረት መዘርዘር አይበቃም። ከእያንዳንዱ መልስ በፊት የክፍሉን ፊደል አስቀምጡ፤ አራሚው ክፍል ኢን ፍለጋ አንቀጽ ማገላበጥ የለበትም። መግቢያም መዝጊያም አትጻፉ። ጥያቄውን መልሶ መገልበጥም ደቂቃ ማባከን ነው።

የጥያቄውን ግሥ ተከተሉ። አይደንቲፋይ ሲል ስሙን ጥሩና እለፉ። ኤክስፕሌይን ሲል ምክንያት የሌለው መልስ አይቆጠርም፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ ስታነቡ «ቢኮዝ» ወይም ተመሳሳይ ማያያዣ ካጣችሁ ምናልባት ገለጻችሁ እንጂ አላብራራችሁም።

ልምምዱ

ሮዲገርና ካርፒኪ ባደረጉት ሁለተኛ ሙከራ፣ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከሌሎቹ የተሻለ እንደሚያስታውሱ ገምተው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ያነሰ ያስታወሱት እነሱ ናቸው። የናሙና መልስ ማንበብም እንዲሁ ያታልላል። ያነበቡት ሁሉ የገባ፣ የሚጻፍም ይመስላል። መጻፍ ያስፈልጋል።

ኮሌጅ ቦርድ ባለፉት ዓመታት የወጡትን ጥያቄዎች፣ የእርማት መመሪያውንና ነጥብ የተሰጣቸው የተማሪ መልሶችን ኤፒ ሴንትራል በሚባለው ድረ ገጹ በነፃ ያወጣል። የ2025ቱንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ብቻ ውሰዱ። አንዱን አርቲክል አናሊሲስ በ25 ደቂቃ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ በኮምፒውተር ጻፉ። ከዚያ የእርማት መመሪያውን ከፍታችሁ እንደ አራሚ ራሳችሁን አርሙ፤ ለያንዳንዱ ነጥብ ከመልሳችሁ ውስጥ ነጥቡን ያስገኘውን ዐረፍተ ነገር በቀለም አስምሩ። የምታስምሩት ዐረፍተ ነገር ካጣችሁ ነጥቡን አላገኛችሁም፤ «ማለቴ እኮ ነው» አይቆጠርም። ወላጅም እዚህ ላይ ማገዝ ይችላል። ሳይኮሎጂ ባያውቅ እንኳ፣ «ይህ ዐረፍተ ነገር ስለዚህ ጥናት ነው ወይስ ስለ የትኛውም ጥናት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ልጁን መጠየቅ ይበቃዋል።

ከሳምንት በኋላ ያጣችኋቸውን ክፍሎች ብቻ፣ የቀድሞውን መልስ ሳታዩ፣ በሌላ ጥናት ላይ እንደገና ጻፉ። ኤቪደንስ ቤዝድን በሌላ ቀን ሥሩ እንጂ ከዚያው ጋር አትደርቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ 45 ደቂቃው ካልበቃችሁ ሰዓቱን አራዝሙና ማብራሪያዎቹን በሙሉ ጨርሱ፣ ከዚያ በየጊዜው አምስት አምስት ደቂቃ እየቀነሳችሁ ወደ ፈተናው ሰዓት ውረዱ።